የኮከቦች ቡድን አመራረጥ፦ ከጣና ዳር ሆኖ የኤንቢኤን 12 ተሰላፊዎች በሚዛን ለመምረጥ

በየዓመቱ ከገና እስከ ጥምቀት ባለው ሰሞን፣ እኛ ጥቂት የቅርጫት ኳስ ወዳጆች ባሕር ዳር ላይ፣ ጣናን ፊት ለፊት በሚያሳይ አንድ ቡና ቤት ጥላ ሥር ተሰብስበን፣ ለኤንቢኤ (የአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ) የኮከቦች ጨዋታ፣ ማለትም የሊጉ ምርጥ ተጫዋቾች በየዓመቱ ለሚሰለፉበት ግጥሚያ፣ ይገባቸዋል የምንላቸውን ተጫዋቾች እንመርጣለን። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነገሩ ከጭቅጭቅ አያልፍም ነበር፤ አንዱ የሚወደውን ስም ይጠራል፣ ሌላው ይስቅበታል፣ በመጨረሻም ድምፁ የጎላው ያሸንፋል። ይህን ልማድ ያስተዉን ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡት፣ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። አንድ ቀን፣ አንዱ ጓደኛችን የሚወደው ተጫዋች ትናንት ሌሊት ያስቆጠረውን 35 ነጥብ ሲያወድስ አዳምጠው፣ ከታንኳቸው ወደሚወርዱት አሣ አጥማጆች እያመለከቱ፣ «ልጄ፣ የቀረሶውን ብዛት ነገርኸን፤ መረቡ ስንት ጊዜ እንደተጣለ ግን አልነገርኸንም» አሉት። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ ከዚያ ቀን ወዲህ ቀስ በቀስ ያበጀነው አሠራር ነው።

አንደኛ ደረጃ፦ ደንቡን ይወቁ

የመጀመሪያው የኮከቦች ጨዋታ የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1951 በቦስተን ነው። ዛሬ ኤንቢኤ 30 ቡድኖች አሉት፤ 15ቱ በምሥራቅ፣ 15ቱ በምዕራብ ምድብ ይጫወታሉ። በመደበኛው አሠራር ከእያንዳንዱ ምድብ 12 ተጫዋቾች ይመረጣሉ። አምስቱን ቋሚ ተሰላፊዎች ለመለየት እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የደጋፊዎች ድምፅ 50 በመቶ፣ የተጫዋቾች ድምፅ 25 በመቶ፣ የጋዜጠኞች ድምፅ ደግሞ 25 በመቶ ክብደት ይሰጠዋል። ቀሪዎቹን ሰባት ተጠባባቂዎች የየምድቡ ዋና አሠልጣኞች ይመርጣሉ፤ አሠልጣኝ ለራሱ ቡድን ተጫዋች ድምፅ መስጠት አይፈቀድለትም። የተመረጠ ተጫዋች ከተጎዳ ተተኪውን የሚሰይመው የሊጉ ኮሚሽነር ነው። ቀድሞ ቋሚ ተሰላፊዎቹ ሁለት ጋርድ (ኳስ የሚያደራጁ የኋላ ተጫዋቾች) እና ሦስት የፊት መስመር ተጫዋቾች እንዲሆኑ ይጠበቅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2026 ምርጫ ጀምሮ ግን የሜዳ ቦታ ሳይታይ አምስት ሰዎች ይመረጣሉ።

የድምፁ ስሌት በደረጃ እንጂ በድምፅ ብዛት እንዳልሆነ ልብ ይበሉ። የደጋፊዎች ደረጃ በሁለት ተባዝቶ ከተጫዋቾችና ከጋዜጠኞች ደረጃ ጋር ይደመራል፣ ድምሩም ለአራት ይካፈላል፤ ዝቅተኛ ውጤት ያለው ይቀድማል። ለምሳሌ በደጋፊዎች 1ኛ፣ በተጫዋቾች 4ኛ፣ በጋዜጠኞች 6ኛ የሆነ ሰው ውጤቱ 3 ይሆናል፤ በደጋፊዎች 3ኛ፣ በሌሎቹ ሁለቱ 1ኛ የሆነው ደግሞ 2 ያገኛል፤ ስለዚህ ሁለተኛው ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2017 ጆርጂያዊው ዛዛ ፓቹሊያ ከምዕራብ የፊት መስመር ተጫዋቾች መካከል በደጋፊዎች ድምፅ ሁለተኛ ሆኖ ሳለ ከቋሚ ተሰላፊነት የቀረው በዚሁ ስሌት ነው። የአንድ አገር ሕዝብ ልጁን መውደዱ ነውር የለበትም፤ ነገር ግን ፍቅርና ሚዛን የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ሁለተኛ ደረጃ፦ «ይገባዋል» የሚለውን ቃል አስቀድመው ይበይኑ

ብዙው ክርክር የሚነሣው ሰዎች በአንድ ቃል የተለያየ ነገር ስለሚሉ ነው። አንዱ «ይገባዋል» ሲል ታላቅ ተጫዋች ነው ማለቱ ነው፤ ሌላው ወደፊት ታላቅ ይሆናል፣ ሦስተኛው ደግሞ ማየት ደስ ይለኛል ማለቱ ነው። የእኛ ማኅበር የተስማማበት ትርጉም ጠባብ ነው፦ ከጥቅምት ወር የውድድር ጅማሬ አንሥቶ እስከ ምርጫው ዕለት ድረስ በሜዳ ላይ የሠራው ሥራ ብቻ ይመዘናል፤ ያለፈው ዓመት ዋንጫም ሆነ የመጪው ዓመት ተስፋ አይቆጠርም።

ይህ ትርጉም ከባድ ዋጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ2014 ኮቢ ብራያንት በዚያ የውድድር ዘመን የተጫወተው 6 ጨዋታ ብቻ ሆኖ ሳለ ደጋፊዎች ቋሚ ተሰላፊ አድርገው መረጡት፤ በጉዳት ምክንያትም ሳይጫወት ቀረ። በእኛ ሚዛን፣ ኮቢን የቱንም ያህል ብንወደው፣ በዚያ ዓመት ቦታ አይኖረውም ነበር። አንድ የማልከራከርበት ልዩ ሁኔታ ግን አለ፤ ማጂክ ጆንሰን ኤች አይ ቪ በደሙ እንደተገኘ ተናግሮ ከውድድር ከተሰናበተ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1992 ደጋፊዎች መርጠውት ኦርላንዶ ላይ ተሰልፎ 25 ነጥብና 9 አሲስት (ጓደኛን ለነጥብ ያበቃ ቅብብል) አስመዝግቦ የጨዋታው ኮከብ ተባለ። ደንብ አክባሪው መምህራችን እንኳ «ይህንስ ተዉት» ብለው አልፈውታል።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ደብተር ይክፈቱ፣ ጨዋታም ይመልከቱ

ከየምድቡ 25 ያህል እጩዎችን በደብተር ይመዝግቡ። ከዚያ ያነሰ ከሆነ ድምፅ የሌለው ነገር ግን ሥራው የከበደ ተጫዋች ያመልጥዎታል፤ ከዚያ ከበዛ ደግሞ ሁሉንም በትክክል መከታተል አይቻልም።

እኛ ጣና ዳር ላለን ሰዎች ትልቁ እንቅፋት ሰዓቱ ነው። በክረምታቸው ወራት ኒው ዮርክ ላይ በምሽት 1፡30 የሚጀምር ጨዋታ ለእኛ ከሌሊቱ 9፡30 ነው፤ ሎስ አንጀለስ ላይ በተመሳሳይ ሰዓት የሚጀምረው ደግሞ ከንጋቱ 12፡30 ላይ ይደርሰናል። ስለዚህ አብዛኞቻችን የምናየው ጠዋት በስልካችን የሚመጡትን የተቆራረጡ ቪዲዮዎች ነው። እነዚህ ቪዲዮዎች የገቡትን ኳሶች እንጂ የሳቱትን አያሳዩም፤ ተከላካይ አጥቂውን ገና ሳይወረውር ተስፋ አስቆርጦ ኳሱን ወደ ኋላ ያስመለሰበትን ቅጽበትም ማንም ቆርጦ አይለጥፈውም። ስለዚህ በሳምንት ቢያንስ አንድ ሙሉ ጨዋታ ይመልከቱ፤ የምዕራቡን ጨዋታ በማለዳ ቡና እየጠጡ መከታተል እንቅልፍ አያሳጣም። በዚያ ጨዋታ ከእጩዎችዎ አንዱን ብቻ ይምረጡና ኳስ በእጁ በሌለበት ጊዜ የሚያደርገውን ለአንድ ሩብ፣ ማለትም ለ12 ደቂቃ፣ ዓይንዎን ሳያነሡ ይከተሉ። በእኔ ልምድ ከዚህ የበለጠ የሚያስተምር ነገር የለም።

አራተኛ ደረጃ፦ የተጫወተውን መጠን ይቁጠሩ

በአማካይ ቁጥር ከመደነቅዎ በፊት ጨዋታውን በደቂቃ ያባዙ። በ44 ጨዋታ በአማካይ 36 ደቂቃ የተሰለፈ ሰው 1,584 ደቂቃ አገልግሏል፤ በ26 ጨዋታ በአማካይ 33 ደቂቃ የተሰለፈው ግን 858 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ከመጀመሪያው ግማሽ በጥቂቱ ቢበልጥ ነው። ሁለተኛው በየጨዋታው ሁለት ነጥብ ቢበልጥ እንኳ ለቡድኑ የሰጠው ጠቅላላ ጥቅም አይተካከልም። ከ2023–24 የውድድር ዘመን ጀምሮ ለዓመቱ ሽልማቶች ቢያንስ 65 ጨዋታ መጫወት ግድ ሆኗል፤ ይህ ደንብ ግን ለኮከቦች ምርጫ አይሠራም፤ ስለዚህ ፍርዱ የመራጩ ነው። እኛ የያዝነው ወሰን፣ ቡድኑ እስከዚያ ቀን ካደረጋቸው ጨዋታዎች ሁለት ሦስተኛውን ያልተጫወተ ሰው እንዳይመረጥ የሚል ነው።

አምስተኛ ደረጃ፦ ነጥቡን ሳይሆን ነጥቡ የተገኘበትን ዋጋ ይመዝኑ

የመረቡ ጥያቄ እዚህ ላይ ይመለሳል። አንድ ተጫዋች ያስቆጠረውን ነጥብ ለማግኘት የቡድኑን ስንት የማጥቃት ዕድል እንደተጠቀመ ማወቅ ያስፈልጋል። ለዚህ የሚያገለግለው ስሌት ቀላል ነው፦ የወረወራቸውን ኳሶች ቁጥር ይውሰዱ፤ የነፃ ውርወራዎቹን ቁጥር በ0.44 አባዝተው ይጨምሩበት፤ ድምሩን (የተጠቀመው ዕድል ማለት ይህ ነው) በሁለት ያባዙ፤ በመጨረሻም ያስቆጠረውን ነጥብ ለዚህ ውጤት ያካፍሉ። 0.44 የተባለበት ምክንያት ነፃ ውርወራ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሁለት ሆኖ ስለሚመጣና አንዳንዱ ደግሞ ከገባ ኳስ በኋላ ተጨማሪ ሆኖ ስለሚሰጥ፣ እያንዳንዱ ውርወራ ከግማሽ ዕድል በታች ስለሚቆጠር ነው።

ሁለት ተጫዋቾችን በምሳሌ እንውሰድ። የመጀመሪያው በአማካይ 27 ነጥብ ያስቆጥራል፤ ለዚህም 24 ጊዜ ወርውሮ 4 ነፃ ውርወራ አግኝቷል። የተጠቀመው ዕድል 25.76 ነው፤ ውጤቱም 52.4 በመቶ ይሆናል። ሁለተኛው 22 ነጥብ ያስቆጠረው 15 ጊዜ ወርውሮና 6 ነፃ ውርወራ አግኝቶ ነው። የተጠቀመው ዕድል 17.64፣ ውጤቱም 62.4 በመቶ ነው። በቅርብ ዓመታት የሊጉ አማካይ ከ57 እስከ 58 በመቶ ገደማ ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ከአማካይ በታች፣ ሁለተኛው ደግሞ እጅግ በላይ ነው።

ጉዳዩ ግን በመቶኛው አያበቃም። ሁለተኛው ተጫዋች ለጓደኞቹ ስምንት ያህል የማጥቃት ዕድል ትቶላቸዋል። እነዚያን ስምንት ዕድሎች የሊጉ አማካይ ተጫዋቾች ቢጠቀሙባቸው ወደ 9 ነጥብ ያገኙባቸዋል። ስለዚህ ባለ 22 ነጥቡና ጓደኞቹ በአንድነት ወደ 31 ነጥብ ሲያመጡ፣ ባለ 27 ነጥቡ ያንኑ ያህል ዕድል ብቻውን ጨርሶ በ27 ይቀራል። በእኛ ማኅበር በየዓመቱ ብዙ ስም የሚሰረዘው እዚህ ደረጃ ላይ ነው፤ ከሚሰረዙት መካከልም አብዛኛውን ጊዜ የእኔ ተወዳጅ አይጠፋበትም።

ይሁን እንጂ ይህን ስሌት ጣዖት ማድረግ አይገባም። ለማጥቃት የተፈቀደው 24 ሰከንድ ሊያልቅ ሁለትና ሦስት ሰከንድ ሲቀረው፣ ሁሉም ኳሱን የሚወረውረው ለዚያው ለአንዱ ሰው ነው፤ እርሱም ሁለት ተከላካይ ላዩ ላይ ተንጠልጥሎበት ከመወርወር በቀር ምርጫ የለውም። ቅርጫቱ ሥር ቆሞ የተዘጋጀ ኳስ ብቻ የሚቀበል ሴንተር መቶኛው ቢያምር አይደንቅም። ስለዚህ መቶኛውን ሁልጊዜ ከሸክሙ ጋር ያነጻጽሩ፤ ብዙ ተሸክሞ ከአማካይ በላይ የሆነ ሰው ጥቂት ተሸክሞ እጅግ የላቀውን ሊበልጠው ይችላል።

ስድስተኛ ደረጃ፦ አሲስትና ኳስ ማባከን

ይህ ደረጃ አጭር ነው። አሲስቱን ካባከናቸው ኳሶች ጋር ጎን ለጎን ይጻፉ። ለአንድ የባከነ ኳስ ሦስት አሲስት የሚሰጥ ጋርድ እጁ የታመነ ነው፤ አንድ ለአንድ የሆነው ግን ሌላ ትልቅ ችሎታ ከሌለው በዝርዝሩ ላይ መቆየት የለበትም።

ሰባተኛ ደረጃ፦ መከላከልን አይርሱ

ጨዋታው ግማሹ መከላከል ሆኖ ሳለ ምርጫው ግን ሁልጊዜ ለአጥቂ ያደላል። ሩዲ ጎበር እ.ኤ.አ. በ2018 የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ተብሎ ነበር፤ በ2019 ከኮከቦች ዝርዝር መውጣቱን በሰማ ጊዜ በጋዜጠኞች ፊት አለቀሰ። በዚያው ዓመት ሽልማቱን ለሁለተኛ ጊዜ ወሰደ፤ ለኮከቦች ጨዋታ የተመረጠው ግን በ2020 ነው። በአንጻሩ ቤን ዋላስ በ2002–03 በአማካይ 6.9 ነጥብ ብቻ እያስቆጠረ የምሥራቅ ቋሚ ተሰላፊ ሆኗል፤ በዚያ ዓመት በየጨዋታው ከ15 በላይ ሪባውንድ (ሳይገባ የተመለሰ ኳስ) ይወስድ ነበር። ኮንጎያዊው ዲኬምቤ ሙቶምቦም አራት ጊዜ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ፣ ስምንት ጊዜም የኮከቦች ተሰላፊ የሆነው ቅርጫቱን በመጠበቅ ነው።

መከላከልን በብሎክ (የተመለሰ ውርወራ) እና በስቲል (የተነጠቀ ኳስ) ብዛት ብቻ ለመመዘን ከሞከሩ ይሳሳታሉ። ኳስ ለመንጠቅ እየዘለለ ቦታውን የሚለቅ ተጫዋች በአንድ ጨዋታ ሁለት ስቲል ያስመዘግባል፤ ነገር ግን በለቀቀው ክፍተት አምስት ጊዜ ይገባበታል። ይህን ለመያዝ ሦስት ነገር ይመልከቱ። አንደኛ፣ ተጋጣሚው ቡድን እርሱን ሆን ብሎ እየፈለገ ያጠቃዋል ወይስ ይሸሸዋል? ሁለተኛ፣ ጓደኛው ሲታለፍ ፈጥኖ ይደርሳል ወይስ እጁን ዘርግቶ ይቆማል? ሦስተኛ፣ እርሱ ሜዳ ላይ ባለበት ጊዜ ቡድኑ በ100 የማጥቃት ዕድል የሚገባበት ነጥብ እርሱ ሲቀመጥ ከሚገባበት ምን ያህል ይለያል? ሦስተኛው ቁጥር ጠቃሚ ቢሆንም በጥቂት ጨዋታ ከመዘኑት ያታልላል፤ ከጎበዝ ተከላካዮች ጋር ሁልጊዜ የሚሰለፍ ሰው በሰው ሥራ ሊመሰገን ይችላልና። ስለዚህ በዓይን ካዩት ጋር ሲስማማ ብቻ ይቀበሉት።

ስምንተኛ ደረጃ፦ የቡድኑ ውጤት ምን ያህል ይመዝን?

እዚህ ላይ ማኅበራችን እስካሁን አልተስማማም። እኔ የቡድን ድል ምስክር ነው እንጂ ፈራጅ አይደለም ባይ ነኝ፤ ሁለት ተጫዋቾች በሌላው ነገር ሁሉ ሲተካከሉ ብቻ ያሸነፈውን እመርጣለሁ። ተቃራኒውን የሚሉ ጓደኞቼ የሚጠቅሱት እ.ኤ.አ. በ2015 አትላንታ ሆክስ አራት ተጫዋቾችን ያስመረጠበትን ዓመት ነው። ከአራቱ አንዱ የነበረው ካይል ኮርቨር በጉዳት በቀረው በድዌይን ዌድ ምትክ የገባ ሲሆን፣ በአማካይ ያስቆጠረው 12.1 ነጥብ ብቻ ነበር። ሆኖም ከሦስት ነጥብ መስመር ውጭ 49.2 በመቶ ያገባ ስለነበር ተከላካዮች አንድ እርምጃ ሊለዩት አይደፍሩም ነበር፤ በዚያም የሚከፈተው ሜዳ ለሌሎቹ አራት ይጠቅማል። ቡድኑ 60 ጨዋታ አሸነፈ። ኮርቨርን ያስመረጠው ድሉ ነው ወይስ ሥራው የሚለውን ለአንባቢ ልተወው፤ እኔ ግን ሥራው ነው እላለሁ።

ይበልጥ የሚያስተምረው የ2025ቱ ምርጫ ነው። የሻርሎት ሆርኔትሱ ላሜሎ ቦል ከምሥራቅ ጋርዶች መካከል በደጋፊዎች ድምፅ አንደኛ ሆኖ ሳለ ቋሚ ተሰላፊም ተጠባባቂም ሳይሆን ቀረ። አሠልጣኞቹ ከመረጧቸው ጋርዶች አንዱ የክሊቭላንዱ ዳሪየስ ጋርላንድ ነበር። የውድድር ዘመኑ ሲያልቅ ቦል በአማካይ 25.2፣ ጋርላንድ 20.6 ነጥብ ነበራቸው። በነጥብ ብቻ የሚያይ ሰው በደል ተፈጸመ ይላል። ነገር ግን ቦል ከወረወራቸው ኳሶች 40.5 በመቶውን ሲያገባ ጋርላንድ 47.2 በመቶውን አግብቷል፤ ቦል በጉዳት ምክንያት በዓመቱ የተጫወተው 47 ጨዋታ ብቻ ነው፤ ሆርኔትስ 19 ጨዋታ ሲያሸንፍ የጋርላንድ ቡድን ካቫሊየርስ 64 አሸንፏል። ልብ ይበሉ፣ አራተኛውና አምስተኛው ደረጃ ብቻ ጉዳዩን ይጨርሱታል፤ የቡድን ድል ቢነሣም ባይነሣም ፍርዱ አይለወጥም።

ዘጠነኛ ደረጃ፦ የመጨረሻዎቹን ሁለት ወንበሮች ስም ሸፍነው ይምረጡ

ከ12ቱ ዘጠኙ ወይም አሥሩ ብዙ ሳያከራክሩ ይያዛሉ። ጠቡ በቀሩት ሁለት ወንበሮች ላይ ነው፤ ለእነርሱ የሚወዳደሩት ስድስት ወይም ሰባት ሰዎች የሚለያዩት በጥቂት ነው። እኛ የምናደርገው እንዲህ ነው። አንድ ሰው የእጩዎቹን ጨዋታ፣ ደቂቃ፣ የተጠቀመውን ዕድል፣ መቶኛውን፣ አሲስትና የባከነ ኳሱን በትንንሽ ወረቀት ይጽፋል፤ ስሙን ግን አይጽፍም፤ በፊደል ብቻ ሀ፣ ለ፣ ሐ ብሎ ይለያቸዋል። የተቀረነው ወረቀቶቹን በደረጃ እናስቀምጣለን። ከዚያ ስሞቹ ይገለጣሉ፤ ስለ መከላከላቸውም በዓይን ያየ ሰው ይናገራል፤ በዚህ ምክንያት አንድን እጩ ከአንድ ደረጃ በላይ ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ አይፈቀድም። አንድ ዓመት እኔ ራሴ «ይህ ሰው በፍጹም አይገባውም» ብዬ መጨረሻ ላይ ያስቀመጥሁት ወረቀት የገዛ ተወዳጄ ሆኖ ተገኝቶ፣ የዚያን ቀን ቡና ከፋዩ እኔ ሆንሁ።

በዚህ ደረጃ ላይ «ተራው ነው» የሚል ክርክር መነሣቱ አይቀርም። ማይክ ኮንሊ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመረጠው በ14ኛ የውድድር ዘመኑ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 በተጎዳው በዴቪን ቡከር ምትክ ነው። ብዙዎች ይህን የዕድሜ ስጦታ አድርገው ያወራሉ፤ ነገር ግን በዚያ ዓመት ዩታ ጃዝ ከሊጉ ሁሉ የተሻለ ውጤት ነበረው፣ ኮንሊም የቡድኑ መሪ ጋርድ ነበር። ተራ ብቻውን ወንበር አያሰጥም፤ ከሥራ ጋር ሲገጥም ግን ማንም አይከፋበትም።

አሥረኛ ደረጃ፦ ዝርዝሩን ይዝጉ

የደጋፊዎች ድምፅ የሚዘጋው ብዙውን ጊዜ በጥምቀት ሰሞን ነው፤ እኛም የከተራ ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ታቦታቱ ከመውጣታቸው በፊት፣ ዝርዝራችንን ፈርመን እንዘጋለን። ከዚያ በኋላ አንድ ተጫዋች በማግሥቱ 50 ነጥብ ቢያስቆጥርም ስሙ አይገባም። አሠልጣኞቹ የመረጧቸው ሲታወቁ ከእኛው ጋር ያልተስማሙትን ስሞች በደብተሩ የቀኝ ገጽ እንጽፋለን፤ ከእያንዳንዱ ስም ፊትም እኛ የሳትነው ምን እንደሆነ፣ ወይም አሠልጣኞቹ የሳቱት ምን እንደመሰለን በአንድ ዓረፍተ ነገር እናሰፍራለን። በሚቀጥለው ጥቅምት ውድድሩ ሲጀመር መጀመሪያ የሚነበበው ይኸው የቀኝ ገጽ ነው።